ምጽዋትና እርዳታ፦ ስለ በጎ ሥራ አጠራር

ባለፈው ዓመት የጾመ ፍልሰታ ፍቺ ሲቃረብ ለምእመናን የሚነበብ አንድ ማስታወቂያ እንድጽፍ ታዝዤ ነበር። ጉዳዩ ሥራ ለፈቱና የቤት ኪራይ ለከበዳቸው ወገኖች የሚታደል እህል ነው። እኔም ብዙ ሳላስብ «ተረጂዎች ስማቸውን ያስመዝግቡ» ብዬ ጻፍሁ። በባልድዊን ሂልስ የሚኖሩ፣ ልጆቻቸውን ለብቻቸው የሚያሳድጉ አንዲት እናት ማስታወቂያውን አንብበው ሳይመዘገቡ ተመለሱ። ኋላ ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ጋሼ፣ ተቸግሬአለሁ እንጂ ተረጂ አይደለሁም» አሉኝ።

ይህ መልስ ብዙ ቀን ሲከነክነኝ ሰነበተ። እኒያን እናት ያቆሰላቸው ችግሩ ሳይሆን ስሙ ነበር። የስሙን ታሪክ የእኔ ዘመን ሰዎች እናውቀዋለን። ከወሎው ረኀብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የኮረም መጠለያ በዓለም ቴሌቪዥን ታየ፤ በዚያው ዓመት በጥር ወር በዚችው በሎስ አንጀለስ ታላላቅ የአሜሪካ ድምፃውያን ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ወርልድ» የተባለውን ዘፈን ለረኀብተኛው ቀረጹ። ያ ልግስና ነፍስ አድኗልና ምስጋናችን አይጓደልም። ነገር ግን ከስንዴው ጋር «ለጋሽ» እና «ተረጂ» የሚሉት ሁለት ስሞች በአፋችን ሥር ሰደዱ፤ አንዱ ዘወትር ሰጪ፣ ሌላው ዘወትር ተቀባይ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ አዲስ ቃል እንፍጠርን? «በጎ አድራጎት» የሚለው መልካም ነው፤ ሆኖም የሚናገረው ስለ አድራጊው ብቻ ነው። ይልቅስ አቧራ የለበሰውን የራሳችንን ቃል ማራገፍ የሚሻል ይመስለኛል።

«እርዳታ» በግእዙ «ረድአ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። «ረድእ» እና «አርድእት» የሚሉትም የዚያው ግስ ልጆች ናቸው። በገዳም ረድእ የሚባለው አረጋዊውን አባት የሚያገለግል፣ ውኃ የሚቀዳ፣ እግር የሚያጥብ ነው። ስለዚህ ረጂ ከሚረዳው ሰው ዝቅ ብሎ የሚቆም እንጂ በላዩ የሚቆም አልነበረም።

«ምጽዋት»ንም እንደ ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ ያሉ ሊቃውንት ከአይሁድ አራማይክ ወደ ግእዝ የገባ ቃል መሆኑን ያስረዳሉ፤ ጥንተ ፍቺውም «ትእዛዝ» ነው። የከተማው ምክር ቤት በ1994 ዓ.ም. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከጥንት ነዋሪዎቹ አንድ አይሁዳዊ አዛውንት የወደቀብኝን ከረጢት አንሥተው ሲሰጡኝ ባመሰግናቸው «ሚጽቫ ነው» አሉኝ። የእኛው ቃል ዘመድ መሆኑ ነው! በዚህ ፍቺ የሰጠ ሰው የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ ከራሱ የጨመረው የለም።

በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ አኮፋዳዬን አንግቤ፣ ውሻ እየተከላከልሁ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ በየደጁ ስቆም ራሴን ተረጂ ብዬው አላውቅም። ቁራሹ የሚሰጠው ስለ እመቤታችን ስም ነበርና፣ ሰጪዋም እኔም በእርስዋ ፊት እኩል እንቆም ነበር። ስቀበልም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እላለሁ፤ ይኸውም «ብድሬን እርሱ ይክፈልልኝ» ማለት ነው። እንዲህ ያለ ተቀባይ ባዶ እጁን አልቆመም።

«ስም ቢለወጥ ሆድ አይሞላም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን በስም ያፈረ ሰው እህል ተከምሮ ሳለ ተርቦ ይመለሳል፤ ይህንም በገዛ ጽሑፌ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ለበጎ ሥራ ስም ስንሰጥ ተቀባዩ ያለ ዕፍረት በገዛ አፉ ሊናገረው ይችል እንደሆነ አስቀድመን እንጠይቅ።

ዘንድሮ ማስታወቂያውን ደግሜ ስጽፍ መዝገቡን አስቀርቼ «የእመቤታችን ዝክር ነው፤ የሚያመጣም የሚወስድም ይምጣ» አልሁ። እኒያ እናት መጡ። ምን ይዘው እንደ መጡ፣ ምን ይዘው እንደ ሄዱ አልጠየቅሁም።

ትእዛዙን ፈጻሚዎች፣ የወንድሞቻችንና የእኅቶቻችን አርድእት እንድንሆን የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት ይርዳን። አሜን።