ትዕግሥትን ከሠራተኛው ብቻ ለሚሹ አሠሪዎች

አንዳንድ አሠሪ፥ ሠራተኛው ስለ ደመወዙ በጠየቀው ጊዜ፥ «ክርስቲያን አይደለህምን? ታገሥ እንጂ» ይለዋል። ወንድሜ ሆይ፥ ትዕግሥትስ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዳይ ከተበዳይ የሚሰበስበው ግብር አይደለም። ያዕቆብ ላባን 20 ዓመት አገለገለው፥ ደመወዙም አሥር ጊዜ ተለወጠበት። ታገሠ፤ ሆኖም በገለዓድ ተራራ ፊት ለፊት ወቀሰው፤ ስለዚህም አጕረምራሚ አልተባለም።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖአል። ከዚህ በላይ በቀን ለተሠራው የትርፍ ሰዓት፥ የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። እንግዲህ ቀኑን በራሱ ዝርክርክነት አባክኖ፥ ሠራተኛውን ያለ ክፍያ እስከ ምሽት የሚያቆይ አለቃ፥ ጾመኛም ቢሆን፥ ማታ ወደ ቤቱ የሚገባው የሰው ገንዘብ ይዞ ነው።