ቤት የእግዚአብሔር ነው



የ2025 የኢዮቤልዩ ዓመት ከታወጀ ጀምሮ ወደ ሮም ተጉዘው የሐዋርያትን መቃብር ለመሳለም ያሰቡ የሀገረ ስብከታችን ልጆች አብዝተው የጠየቁን ስለ ቅድስት በር ምሥጢር አልነበረም። «አባ፣ እዚያ ስንደርስ የት እናድራለን? በገዳም በትንሽ ዋጋ ማደር ይቻላል ሲባል እንሰማለንና እውነት ነውን?» የሚል ነበር እንጂ። ቅዱሱ ዓመት ጃንዋሪ 6 ቀን 2026 የቅዱስ ጴጥሮስ ቅድስት በር ሲዘጋ ተፈጽሟል፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ይመጣል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄውን አንንቀውም። እመቤታችንና ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ልሔም በደረሱ ጊዜ የቸገራቸው ይኸው የማደሪያ ነገር እንደ ነበረ ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ነገደ» የሚለው የግእዝ ግስ መጓዝንም መነገድንም ያመለክታል። ንግደት፣ እንግዳና ነጋዴ የምንላቸው ሦስቱም ቃላት ከዚህ አንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ በገዳም ደጅ ሻንጣውን ይዞ የቆመ ሰው ከሦስቱ አንዱን ሆኖ ይቆማል። ዋጋውን ብቻ አስቦ የመጣ እንደ ሆነ ነጋዴ ነው። (ነጋዴዎቻችንን መንቀፋችን አይደለም፤ የቁምስናችንን ጣራ ቆርቆሮ ያለበሱልን እነርሱ ናቸው።) ሊጸልይ፣ ሊቀበሉት፣ ሊያመሰግንም የመጣ እንደ ሆነ ግን እንግዳ ነው። በአባቶቻችን ዘመን መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይል ነበር፤ ከውስጥም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» የሚል ድምፅ ይመለስለት ነበር። ከዚያ በኋላ እግሩ ይታጠባል፣ መደብ ይለቀቅለታል፣ ከተገኘው ይቀርብለታል። ይህ ልማድ በገጠር ቁምስናዎቻችን ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም።

በሮምም እንዲሁ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋስዮስ 8ኛ በ1300 የመጀመሪያውን ኢዮቤልዩ ካወጁ ወዲህ ከተማይቱን የሚያጨናንቁ ተጓዦችን ማን ያሳድር የሚለው ጥያቄ የቤተ ክርስቲያን ጭንቀት ሆኖ ኖሯል። ቅዱስ ፊልጶስ ኔሪ በ1548 በቅድስት ሥላሴ ስም ማኅበር አቋቁሞ፣ በ1550 ኢዮቤልዩ ድሆች ተጓዦች መኝታና ምግብ እንዲያገኙ አደረገ። በማኅበሩ ቤት መኳንንትና ካርዲናሎች ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው የተጓዦችን እግር ያጥቡ ነበር። የስዊድኗ ቅድስት ብሪጂታም ለ1350 ኢዮቤልዩ እንግዳ ሆና ወደ ሮም መጣች፤ ኋላ ግን የሌሎች አስተናጋጅ ሆና በ1373 በዚያው ከተማ ዐረፈች። ያረፈችበት ቤት በፋርኔዜ አደባባይ ይገኛል፤ የማኅበሯ ደናግልም እንግዳ ይቀበሉበታል።

የእኛም አባቶች በዚያች ከተማ አልጋ አላጡም። በ15ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ የሚገኘውን የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ከነማደሪያው ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ሰጡ። በኢየሩሳሌም በኩል አድርገው፣ በረሃና ባሕር ተሻግረው የደረሱ አባቶች በዚያ ያርፉ ነበር። አሁን ወንድሞቼ፣ ከዚያች ማደሪያ የወጣውን ፍሬ ተመልከቱ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን አባቶቻችን በዚያ ሲዘምሩ ሰምቶ ልቡ ተነካ፤ ግእዝ ተማረና በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ። በግእዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው ተቀምጠው በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። ኢዮብ ሉዶልፍ አባ ጎርጎርዮስን ያገኛቸውም በ1649 በዚያችው በሮም ነው፤ ከእርሳቸው ተምሮም ቋንቋችንንና ታሪካችንን ለአውሮፓ ሊቃውንት አስተዋወቀ። አብርሃም በድንኳኑ ደጅ ሦስቱን መንገደኞች ሲቀበል ማንን እንደ ተቀበለ እንዳላወቀ ሁሉ፣ አልጋ አንጥፎ የሚሰጥ ሰውም ምን እያሳደረ እንደ ሆነ አያውቅም። በ1919 በዚያው ስፍራ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጳጳሳዊ ኮሌጅ ዛሬም በቫቲካን ቅጥር ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ለትምህርት የሄዱ ካህናት ቤት ነውና የምእመናን ማረፊያ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

አሁን ወደ ጠየቃችሁን እንመለስ። አዎን፣ በሮም እንግዳ የሚቀበሉ የደናግልና የመነኮሳት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ጣልያኖች «ካዛ ፐር ፌሪዬ» ይሏቸዋል። ብዙዎቹ ቀድሞ ተመካሪዎችና ተማሪዎች ይሞሏቸው የነበሩ ሰፋፊ ቤቶች ሲሆኑ፣ ጥሪ በቀነሰ ጊዜ ክፍሎቹ ባዶ ቀርተው ለእንግዳ ተከፈቱ። በክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛና መስቀል ታገኛላችሁ፤ መታጠቢያው አንዳንድ ጊዜ የጋራ ነው። ቁርሱ ዳቦ፣ ማርማላታና ቡና ነው። ቴሌቪዥን የሚፈልግ ሰው ሌላ ቤት ይፈልግ። ዋጋው ከሆቴል አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ በከተማይቱ እምብርት ያለ ቤት እንደ ስፍራው ያስከፍላል፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ራቅ ያለውና በአውቶቡስ ወይም በሜትሮ የሚደረሰው ይረክሳል። በተለይ በትንሣኤ ሰሞን የሚሄድ ሰው ከብዙ ወራት በፊት መጻፍ አለበት። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ስንት ሰዎች፣ ወንድ ወይስ ሴት፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚያድሩ ይግለጽ፤ ሴቶችን ወይም ቤተሰብን ብቻ የሚቀበሉ ቤቶች አሉና። የቆሞሳችሁም ደብዳቤ አብሮ ቢላክ ይረዳል። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በክፍል? ቁርስ ይጨምራል? የከተማው አስተዳደር በየሌሊቱ ከእንግዳ የሚሰበስበው ቀረጥ በውስጡ አለ? በጥሬ ገንዘብ ነው የሚከፈለው? ይህን ሁሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ደርሶ ከመከራከር መጠየቅ ይሻላል። የተቀበሏችሁበትን መልስ በጽሑፍ ያዙ፤ ለቪዛ ስታመለክቱ የት እንደምታድሩ የሚያሳይ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። ፓስፖርታችሁን ሲቀበሏችሁ አትከፉ፤ የእንግዳውን ስም ለፖሊስ ማስታወቅ የሀገሩ ሕግ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሩ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ እወቁ።

ይህን የመጨረሻውን አጥብቀን የምንናገረው ስላሳፈረን ነው። በኢዮቤልዩ ዓመት ምእመናን ይዘን ሄደን በአንድ የደናግል ቤት አርፈን ነበር። በሩ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ በመጣንበት ቀን ተነግሮናል። በሁለተኛው ማታ በሮም የሚኖሩ ወገኖቻችን እራት ጋብዘውን ጨዋታው ደራ፤ ስንመለስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ደወልን። በሩ ወዲያው ተከፈተ፤ ለካስ አንዲት አረጋዊት ሲስተር ካፖርት ደርበው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው በሩ አጠገብ በወንበር ተቀምጠው ሲጠብቁን አምሽተዋል። አንዲት የተግሣጽ ቃል አልተናገሩም። ደረጃውን ስንወጣ ግን ከመካከላችን አንዱ «ከፍለን የለ እንዴ! ምን ያጣድፉናል?» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እኛ አባታቸው ሆነን ሳለ ዝም አልን።

በማግሥቱ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ለቅዳሴ ወደ ጸሎት ቤቱ ስንወርድ እኚያው ሲስተር ከቦታቸው ነበሩ፤ በንባቡ ጊዜ ግን እንቅልፍ አሸንፏቸው ራሳቸው ወደ ደረታቸው አዘነበለ። ኋላ ከአለቃቸው እንደ ተረዳነው በዚያ ትልቅ ቤት የቀሩት አምስት ደናግል ብቻ ናቸው። አንሶላችንን የሚያጥቡት፣ ቡናችንን የሚያፈሉት፣ በሩንም የሚጠብቁት እነርሱው ናቸው፤ የምንከፍላት ገንዘብም የታመሙ እኅቶቻቸውን መጦሪያ ናት። እንግዲህ «ከፍለናል» ያልነው ምኑን ነው? የአልጋውን ነው እንጂ የሌሊቱን እንቅልፍ አይደለም። ይቅርታ ልንጠይቅ ስንሄድ ሲስተር ሳቁና ቁርስ መብላታችንን ጠየቁን።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በማርች 2013 በተመረጡ ማግሥት ከምርጫው በፊት አርፈውበት ወደ ነበረው የካህናት ማረፊያ ተመልሰው ሻንጣቸውን ሰበሰቡ፤ ሒሳባቸውንም ራሳቸው ከፈሉ። ከዚያም ወዲህ በቫቲካን በሚገኘው የቅድስት ማርታ እንግዳ ማረፊያ ኖረው፣ ኤፕሪል 21 ቀን 2025 በዚያው ዐረፉ። የቤተ ክርስቲያን ራስ ሆነው የእንግዳን ግዴታ አልዘነጉም።

ሮምን የሚያዩ ከመካከላችን ጥቂቶች ናቸው። አዲስ አበባ ግን ሁላችንም እንሄዳለን፤ ለሕክምና፣ ለፓስፖርት፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ለማድረስ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ የካህናቱ ነው። አንዲት እናት የታመመ ልጇን ይዛ ስትመጣ ማኅተም ያለበት ወረቀት እንሰጣትና «ወደ ሲስተሮች ቤት ሂጂ» እንላታለን፤ ስልክ እንኳ አንደውልም። እርሷም መሽቶባት ትደርሳለች፤ ክፍሉ ሞልቷል፤ ሲስተሮቹም መልሰው መስደድ አይሆንላቸውምና በምግብ ቤቱ ወለል ላይ ፍራሽ ያነጥፋሉ። የሦስት ቀን ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ይሆናል። ሒሳቡን ማን ከፈለው? እኛ አልጠየቅንም።

በሉቃስ ወንጌል 10 ያለውን ሳምራዊ ሁልጊዜ ስንሰብክ ቁስሉን ስለ ማጠቡና ስለ ዘይቱ እናበዛለን፤ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ቆጥሮ እንደ ሰጠና የጎደለውን ሲመለስ ሊሞላ ቃል እንደ ገባ ግን ቶሎ እናልፈዋለን። እኛ ቁስለኛውን ደጅ አድርሰን ያለ ሁለት ዲናር የምንመለስ ሳምራውያን ሆነናል።

ስለዚህ ካቴኪስቶቻችን ሆይ፣ ሰው ወደ ከተማ ስትልኩ አስቀድማችሁ ደውሉ። ስሙን፣ አብሮት የሚሄደውን፣ ስንት ሌሊት እንደሚያድርና ምን ያህል መክፈል እንደሚችል ንገሩ። መክፈል ካልቻለ የቁምስናው ምክር ቤት ይሰብሰብና ከሙዳየ ምጽዋት ይላክለት፤ ያ ባይበቃ እንኳ ጤፍ ወይም እንጨት ወደ ገዳሙ ይሂድ። ተጓዡንም ምከሩት፤ አልጋውን አንጥፎ፣ ክፍሉን ጠርጎ፣ ከሲስተሮቹ ጋር ማታ ጸሎት ደርሶ ይውጣ። ቀጠሮው ቢራዘም በዚያው ቀን ይንገር።

ከገጠር ጣቢያዎች ወደ ቁምስናችን ለሚመጡትም አስበናል። በግቢያችን ከዕቃ ቤቱ ጎን ያለችው ክፍል ካለፈው ዐቢይ ጾም ወዲህ ተጠርጋ ሁለት አልጋ ገብቶባታል። ቁልፉ ከጥበቃው ዘንድ ነው፤ መሽቶበት የመጣ ሰው እርሳቸውን ይጥራ። አንድ ብርድ ልብስ ግን አሁንም ይጎድላል።