አቀበልኩት ወይስ ወረወርኩበት?

ሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የስፖርት መምህራችን ለሁለት ሳምንት ያህል ኳሷን ወደ ቅርጫቱ እንድንወረውር አልፈቀደልንም። (ቅርጫት ስል ብረቱን ነው፤ መረብ የሚባል ነገር አልነበረውም።) ሥራችን አንድ ብቻ ነበር፦ ሁለት ሁለት ሆነን፣ ፊት ለፊት ቆመን የደረት ቅብብል መሥራት። ኳሷን በሁለት እጅ ደረት ፊት መያዝ፣ ጣቶችን መበተን፣ አውራ ጣቶችን ከኳሷ ጀርባ ማድረግ፣ ክርንን ወደ ጎን መሰብሰብ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደፊት እየሄዱ እጅን መዘርጋት። በትክክል ከተሠራ ኳሷ ስትለቀቅ መዳፍ ወደ ውጭ፣ አውራ ጣት ወደ መሬት ይዞራል።

አንድ ቀን ከአበርገሌ የመጣ አዲስ ልጅ ደረሰኝ። የእኔም ዘመዶች ከዚያው ናቸው፤ ግን ሰቆጣ ስላደግኩ ራሴን እንደ ከተማ ልጅ ነበር የምቆጥረው። ባለ በሌለ ኃይሌ ለቀቅኩበት። ኳሷ ጣቱ ጫፍ ላይ አረፈች። ጣቱ አበጠ፤ ለቀናት እስክሪብቶ መያዝ አቃተው። እኔ ምን አልኩ? «መያዝ ነበረበታ! ደረቱ ላይ እኮ ነው የሰጠሁት።»

ይህን ነገር ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ የአክስቴ ልጅ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ትምህርቱ ተቋርጦበት ነበር። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሶፍትዌር እየሠራሁ ደህና ደመወዝ ማግኘት ጀምሬያለሁ። ላፕቶፕ ገዝቼ ላክሁለት፣ የኦንላይን ኮርስ ከፈልኩለት፣ ሃያ ምናምን ሊንክ በቴሌግራም አወረድኩበት። «ስድስት ወር ከሠራህ ሥራ አገባሃለሁ» አልኩት። በየሳምንቱ «የት ደረስክ?» እለው ነበር። እሱም «ኧረ እየሞከርኩ ነው» ይለኛል። በሦስተኛው ወር ወደ አበርገሌ፣ ወደ ፍየሎቹ ተመልሶ እንደሄደ ሰማሁ። ለጓደኞቼ ምን ብዬ እንዳወራሁ ብነግራችሁ አፍራለሁ፤ ግን ልንገራችሁ፦ «ዕድሉን ሰጥቼው ነበር፤ አልያዘውም።»

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የሰጠሁት ነገር መሬት ከወደቀ ሰጥቻለሁ ይባላል?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊው ሴኔካ ስለ ውለታ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከግሪካዊው ፈላስፋ ከክሪሲፐስ የወሰደው ምሳሌ አለ፤ ምሳሌውም ይኸው የኳስ ቅብብል ነው። ኳስ ከወደቀች ጥፋቱ ወይ የወርዋሪው ወይ የተቀባዩ ነው ይላል። ጎበዝ ተጫዋች ከረዥም ሰውና ከአጭር ሰው ጋር እኩል አይወረውርም። ለለመደ ሰው ሞቅ አድርጎ ይልካል፤ ላልለመደ ግን ቀስ ብሎ፣ እጁ ድረስ ያደርስለታል። ስጦታም እንዲሁ ነው ባይ ነው ሴኔካ።

እኛ ግን ይህን ለማወቅ ሮም ድረስ መሄድ የሚያስፈልገን አይመስለኝም፤ ቃሉ ራሱ ይናገራል። «መወርወር» ስንል ነገሩ ከእጃችን ሲወጣ ሥራው አልቋል። «ማቀበል» ግን «መቀበል» ውስጡ አለ፤ ሌላው ሰው እንዲቀበል ማድረግ ማለት ነው። ያ ሰው ካልተቀበለ አላቀበልኩም። አክስቴ ጠላ ስትሰጠኝ ጣሳውን በሁለት እጇ ትይዘዋለች፤ እጄ አጥብቆ መያዙን ሳታይ አትለቅም። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሴኔካንም አታውቅም።

በእኔ ሙያ ደግሞ ሁለት ዓይነት አላላክ አለ። ዩዲፒ የሚባለው መረጃውን ይለቀዋል፤ ደረሰ አልደረሰ ጉዳዩ አይደለም። ቲሲፒ ግን መጀመሪያ ሰላምታ ይለዋወጣል፣ «ደረሰኝ» የሚል መልስ ይጠብቃል፣ ካልመጣ ደግሞ ይልካል። ከሁሉም የምወደው ግን ተቀባዩ በየጊዜው «አሁን ይህን ያህል ብቻ ነው መያዝ የምችለው» ብሎ ለላኪው ማሳወቁ ነው። ላኪው ከዚያ በላይ አይልክም። ይህን በየቀኑ የምጠቀም ሰው ለገዛ ዘመዴ በዩዲፒ ላክሁ።

የጣቱም ነገር በሂሳብ ይገባል። 600 ግራም ገደማ የምትመዝን ኳስ በሰከንድ 10 ሜትር ብትመጣና በ0.01 ሰከንድ ብትቆም፣ አማካይ ኃይሉ 600 ኒውተን ነው። ተቀባዩ እጁን ዘርግቶ ወደ ደረቱ እየሳበ በ0.1 ሰከንድ ካቆማት ግን 60 ብቻ። ያው ኳስ፣ ያው ፍጥነት። ልዩነቱ ጊዜ ነው፤ ጊዜ ለመውሰድ ደግሞ ኳሷ መምጣቷን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሁሉም ጥፋት የሰጪው ሊሆን ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። በጣም ቀስ ያለች ኳስ መሃል ላይ ትነጠቃለች፤ ደግሞም ተቀባዩን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ በ1891 እ.ኤ.አ. ጨዋታውን ሲፈጥር ኳስ ይዞ መሮጥን ከለከለ፤ በያኔው ሕግ ኳስ የያዘ ሰው ከያዘበት ቦታ መወርወር ነበረበት። ስለዚህ ተቀባዩ ከሌለ ጨዋታው የለም። እሱም ወደ ኳሷ መምጣት፣ እጁን ማሳየት አለበት። የአክስቴ ልጅም «አልገባኝም» ሊለኝ ይችል ነበር።

ይችል ነበር ወይ? እኔ ታላቁ ነኝ፣ ከፋዩም እኔ ነኝ። በእኛ አገር በተሰጠህ ነገር ላይ ቅሬታ ማሰማት ነውር ነው። «እየሞከርኩ ነው» ማለት በጨዋ ልጅ አፍ «እባክህ ቀስ በል» ማለት እንደሆነ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እጁ ከኋላው ታስሮ «ለምን አልዘረጋህም» ማለት ቀላል ነው፤ በተለይ ያሰረው ይሉኝታ ከሆነና ይሉኝታውን ያመጣሁት እኔ ከሆንኩ።

ይህን ለአክስቴ በስልክ ለማስረዳት ስሞክር ብዙ አላስጨረሰችኝም። «ልጄ፣ ላክህለት እንጂ መች ጠየቅኸው» አለችኝና ስልኩን ለእሱ ሰጠችው።

ላፕቶፑ አክስቴ ሳጥን ውስጥ ነው አለኝ፤ አቧራ እንዳይገባበት በነጠላ ተጠቅልሎ። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ግን ያ ራሱ ሌላ ኳስ መወርወር መስሎ ታየኝና ተውኩት። «ከየት ብንጀምር ይሻልሃል?» አልኩት።

ረዥም ዝምታ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ፊደሎቹ ኪቦርዱ ላይ የት የት እንዳሉ አላውቅም» አለኝ።