ከኋለኞቹ ጋር ማን አለ?

በኅዳር ወር 1964 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 20 ቀን 1971፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ከኤድንብራ የመጡ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በስኮትላንድ ወደሚገኘው የኬርንጎርም አምባ ወጡ። ዕድሜያቸው 15 ዓመት ገደማ ነው። የትምህርት ቤታቸው የተራራ ጉዞ ክለብ አባላት ናቸው። የወጡትም በካርታና በኮምፓስ አቅጣጫ መፈለግን ሊለማመዱ፣ ተራራው ላይ አድረውም በማግስቱ ሊወርዱ ነው። ሰኞ ረፋድ ላይ ከእነዚህ ልጆች አምስቱ፣ አብራቸው ከነበረች የ18 ዓመት ረዳት መሪ ጋር፣ በበረዶ ውስጥ ሕይወታቸው አልፎ ተገኙ። በብሪታንያ የተራራ ጉዞ ታሪክ እጅግ የከፋው አደጋ ተብሎ እስከ ዛሬ የሚነሳው ይኸው ነው።

ከሃምሳ ዓመት በላይ ያለፈውን ይህን ሐዘን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ተነስተው ወደ እንጦጦ፣ ወደ የረር፣ ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ ወንጪ የሚጓዙ የሃይኪንግ ቡድኖች በርክተዋል። ይህ ልብን ደስ ያሰኛል፤ ሳምንቱን ከወንበር ሳይነሳ የዋለ ሰው አገሩን በእግሩ ሲያውቅ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አዲስ ገቢው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋውን፣ የመነሻ ሰዓቱንና ምሳ መኖር አለመኖሩን ነው። ከብዙ ሰው ጋር ስለሚሄድ ብቻ ጉዞው አስተማማኝ ይመስለዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል እውነት ነው፤ ድንኳኑም ስንቁም ድካሙም ሲካፈሉት ይቀላል። ኬርንጎርም የሚያሳየን ግን ሃምሳው ሰው መንገድ ላይ ለሁለት ሲከፈል ሎሚው ከማን ጋር እንደሚቀር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። የኬርንጎርም አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ያለ ሰፊ ሜዳማ ተራራ ነው። ከፍተኛው ጫፉ ቤን ማክዱዊ 1,309 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ይህ ቁጥር ለእኛ ትንሽ ሊመስለን ይችላል። ቦታው ግን ለሰሜን ዋልታ ቀረብ ያለ፣ ዛፍ የማይበቅልበት፣ ነፋስ የሚከልል ነገር የሌለበት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በዚያው በኬርንጎርም አናት ላይ በሰዓት 278 ኪሎ ሜትር የሚምዘገዘግ ነፋስ ተመዝግቧል። በኅዳር ደግሞ ቀኑ አጭር ነው፤ 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። በረዶ ሲወርድና ጉም ሲወርስ ሰማዩና መሬቱ አንድ ዓይነት ነጭ ይሆኑና አንድ ሰው የቆመበትን ቁልቁለት እንኳ መለየት ያቅተዋል።

ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። ጠንከር ያሉት ስምንት ልጆች ልምድ ካለው ዋና መሪ ጋር ረጅሙን መንገድ ያዙ። ደከም ያሉት ስድስቱ አጠር ያለው መንገድ ተሰጣቸው፤ መሪያቸው በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ወጣት ስትሆን፣ የ18 ዓመቷ ረዳት አብራቸው ነበረች። አየሩ ከከፋ ሁለቱም ቡድኖች አምባው ላይ ወዳለችው ኩራን ወደምትባል ትንሽ መጠለያ ሊገቡ ተስማሙ። ይህን ዕቅድ ጠረጴዛ ላይ ብናየው ብዙዎቻችን አሳቢነት ያለበት ነው እንላለን። ደካማው አጭሩን፣ ብርቱው ረጅሙን፣ ችግር ቢመጣ ደግሞ መገናኛ ቦታ አለ።

ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ መጣ። ብርቱዎቹ መጠለያዋን አግኝተው ሌሊቱን በሕይወት አለፉ። የኋለኞቹ ግን ጥልቅ በረዶ ውስጥ እየሰጠሙ እርምጃቸው ተጎተተ፤ ሳይደርሱም መሸባቸው። መሪያቸው በጨለማ ከመንከራተት ባሉበት ማደር ይሻላል ብላ ፌይዝ ቡዪ በሚባል ጅረት መነሻ አጠገብ፣ ነፋሱ በረዶ በሚከምርበት ስፍራ፣ ልጆቹን የማደሪያ ከረጢት ውስጥ አስገባቻቸው። ኩራን ከዚያ በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ላይ ነበረች። እሑድ ሊንቀሳቀሱ ቢሞክሩም ማዕበሉ አላስኬዳቸውም፤ ሁለተኛ ሌሊት እዚያው አደሩ። በረዶው ሌሊቱን ሙሉ ይከመርባቸው ነበር። ሰኞ ጠዋት ፍለጋ ላይ የነበረ ሄሊኮፕተር መሪዋን እርዳታ ፍለጋ በእጅና በጉልበቷ ስትድህ አገኛት። አፏ ተሳስሮ ልትናገር የቻለችው ጥቂት ቃላት ብቻ ነው፤ ነፍስ አድን ሠራተኞቹ በእነዚያ ቃላት ተመርተው ልጆቹ የተቀበሩበት ቦታ ደረሱ። ከእሷ በቀር በሕይወት የተረፈው አንድ ልጅ ብቻ ነበር።

ያቺ ወጣት ሁለት ሌሊት በዚያ ብርድ ልጆቹን ለማትረፍ የታገለችውን ትግል ያነበበ ሰው ሊወቅሳት ከቶ አይችልም። እኔ የማነሳው ከማዕበሉ በፊት፣ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር የተወሰነውን ነገር ነው። ልምድ ያለው መሪ ከብርቱዎቹ ጋር ሄደ። ይህ በዓለም ዙሪያ በማንኛውም የጉዞ ቡድን በየሳምንቱ የሚደረግ ነው። ፈጣኖቹ ይቸኩላሉ፣ መሪውም ፈጣን ስለሆነ ከእነሱ ጋር ይሄዳል። ዝግተኞቹ መንገዳቸው አጭር ነው ተብሎ ለጀማሪ መሪ ይተዋሉ። መንገዱ አጭር መሆኑ ግን ችግሩን አያሳጥረውም። ዝግተኛው ቶሎ ይበርደዋል፣ ቶሎ ይመሽበታል፣ በረዶም ሆነ ጭቃ ሲገጥመው ከሌላው በላይ ጉልበት ያወጣል። በተራራ ላይ አስቸጋሪው ውሳኔ ሁሉ የሚወሰነው ከኋላ ነው፤ ዕውቀትና ልምድም የሚያስፈልገው እዚያው ነው።

ሌላው ጉዳይ የመለያየት ዋጋ ነው። አንድ ቡድን ለሁለት ሲከፈል ሁለት ሙሉ ቡድኖች መሆን አለበት፤ እያንዳንዱ የራሱ ካርታ፣ የራሱ መጠለያ፣ የራሱ ስንቅ፣ ከሁሉም በላይ «በቃ፣ እንመለስ» የማለት ሥልጣን ያለው የራሱ መሪ ያስፈልገዋል። «እዚያ እንገናኛለን» የተባለ ቡድን ግን በሐሳቡ ገና ከሌላው ጋር እንደ ታሰረ ነው። ወደ ኋላ መመለስ ጓደኞችን መተው ይመስለዋል፤ ስለዚህ መመለሻው ክፍት ሳለ ወደ ፊት ይገፋል። አንደኛው ወገን የት እንዳለ ሌላው አያውቅም። ስልክ ይዘናል የሚል ካለ፣ ወደ ስሜን ተራሮች ወይም ወደ አንድ ጥልቅ ሸለቆ ወርዶ ኔትወርኩን ይፈልግ።

አደጋውን ያጣራው ችሎት በ1972 በባንፍ ከተማ ተቀመጠ። ከተነሱት ጉዳዮች አንዱ ወላጆች ልጆቻቸው ወዴት እንደሚሄዱና ጉዞው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በቂ መረጃ ማግኘት አለባቸው የሚል ነበር። የልጆቹ ብቃትና ዝግጅት፣ የመሪዎችም ችሎታ በጥንቃቄ ይታይ ተባለ። በብሪታንያ ለተራራ ጉዞ መሪዎች የምስክር ወረቀት መስጠት የተጀመረው ከአደጋው በፊት፣ በአውሮፓውያኑ 1964 ነው፤ ከኬርንጎርም በኋላ ግን ወጣቶችን ወደ ተራራ የሚወስድ ሁሉ ችሎታውን እንዲያስመሰክር የሚቀርበው ጥያቄ በረታ።

ከባዱ ክርክር የተነሳው በመጠለያዎቹ ላይ ነበር። በአምባው ላይ ኩራንን የመሳሰሉ ትናንሽ ቤቶች ይኑሩ ወይስ ይፍረሱ? ይኑሩ የሚሉት ማስረጃቸው ግልጽ ነበር፤ በዚያው ሌሊት ስምንት ልጆችን ያተረፈችው ኩራን ናት። ይፍረሱ የሚሉት ደግሞ ሰዎች ቤቷን ተማምነው በክረምት ወደማይገባቸው ከፍታ ይወጣሉ፣ በበረዶ ውስጥ ሊያገኟት በማይችሉበት ሰዓት ይፈልጓታል፣ ባትኖር ኖሮ ቀድመው ይመለሱ ነበር አሉ። ክርክሩ ለዓመታት ቆይቶ በ1975 ኩራንና ሌላዋ ሴንት ቫለሪ የተባለችው መጠለያ ተነሱ። ብዙ አስቤበት እኔም ከሁለተኛው ወገን ጋር ቆሜያለሁ። ዓይን ሊያየው በማይችልበት ጊዜ መገኘት ያለበትን ነገር የደኅንነታችን መሠረት አድርገን መነሳት የለብንም። መዳኛችን ያለው ገና መንገዱን በምናይበት ሰዓት፣ በጠዋቱ በቆረጥነው የመመለሻ ሰዓት ላይ ነው።

የመመለሻ ሰዓት ደግሞ በግምት አይቆረጥም። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ሽቅብ ለሚወጣው ለየ600 ሜትሩ ሌላ አንድ ሰዓት። 15 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ በዚህ ስሌት አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህ ግን የብርቱ ሰው ሰዓት ነው፤ ዕረፍት፣ ምሳ፣ ፎቶግራፍና ጭቃ አልተቆጠሩበትም። ከፍታውም ትንፋሽ የሚያሳጥር ሲሆን ይረዝማል። ስለዚህ ቡድኑን የሚመራ ሰው ስሌቱን በዝግተኛው አባል እርምጃ ሠርቶ፣ ቀኑ ከማለቁ በፊት ስንት ሰዓት እንደሚተርፈው ማወቅ አለበት። በእኛ አገር 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከጠለቀች ጨለማው ብዙ አያስጠብቅም።

«እኛ ጋ እንደዚያ ያለ በረዶ የለም» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ልክ ነው፤ ብርድ ግን በበረዶ ብቻ አይገድልም። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሳንካበር፣ ግጭና ጨነቅ የሚባሉት የማደሪያ ቦታዎች ሁሉም ከ3,200 ሜትር በላይ ናቸው፤ በበጋ ሌሊት ውኃ ይረጋል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣ የበረዶ ጠጠርና ዝናብ የጥጥ ልብስ ለብሶ የወጣን ሰው ቆዳው ድረስ ያርሰዋል፤ ነፋሱ ደግሞ የቀረውን ሙቀት ይወስዳል። የሰውነት ሙቀት ከ37 ወደ 35 ዲግሪ ሲወርድ አደጋው ጀምሯል። ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ ይደናቀፋል፣ የጃኬቱን ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ከሁሉም የሚያስፈራው ዝም ማለቱ ነው። መንቀጥቀጡ ሲቆምም «ተሻለው» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን እየባሰበት ነው። ቶሎ ደረቅ ልብስ ማልበስ፣ ከነፋስ መከለል፣ ራሱን ካልሳተ የሚሞቅና ጣፋጭ ነገር ማጠጣት፣ ብቻውን አለመተው ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ሊያይ የሚችለው አጠገቡ ያለ ሰው ነው። ከፊት ርቆ የሄደ መሪ አያየውም።

ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመድቦ ከተጓዥ ጋር የሚሄደው ስካውት በዚያ ከፍታ ያደገ ነው፤ እኛ ትንፋሻችን ሲቆራረጥ እሱ እያወራ ይራመዳል። መንገዱን ስለሚያውቅም ከፊት ይሄዳል፤ ከእሱ ኋላ ወጣቶቹ፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ጉልበቷ የሚያማት እናት፣ አዲስ ጫማ ያቆሰለው ጎልማሳ፣ «ደህና ነኝ፣ ሂዱ» የሚል ሰው። ቡድኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ በኪሎ ሜትር ይዘረጋል። ለስካውቱ በትሕትና «ወንድሜ፣ ዝግ ብለህ ምራን» ማለት፣ ከክለቡ ልምድ ያለውን ሰው ደግሞ ከኋላ ማስቀረት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

አዲስ የሚገባ ሰውም ድርሻ አለበት። ስለ ጤናው፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጫማው እውነቱን ለመሪው መናገር አለበት። ደክሞት ሳለ በሐፍረት የደበቀ ሰው ሌሎችንም ይዞ ይወድቃል። ክለቡ በበኩሉ በቴሌግራም የሚለቀው ማስታወቂያ «ለሁሉም የሚሆን» ከማለት ይልቅ ርዝመቱን፣ የዳገቱን ሜትር፣ የሚወስደውን ሰዓትና የአየሩን ጠባይ ይጻፍ። የባንፉ ችሎት ለወላጆች ይነገር ያለው ይህንኑ ነበር።

ከመክፈላችሁ በፊት መሪውን አግኙና ጠይቁ። ስንት ሰዓት ላይ ብንደርስም ባንደርስም እንመለሳለን? ቡድኑ ከተለያየ እያንዳንዱን ማን ይመራዋል? የት እንዳለን ከተማ የቀረ ሰው ያውቃል? በስንት ሰዓት ካልደወልን ነው ፍለጋ የሚጠራው? ጥሩ መሪ በእነዚህ ጥያቄዎች አይከፋም፤ መልሱን አስቀድሞ አስቦበታልና። በደንብ የሚመራ ክለብ ደግሞ አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ቦርሳውን ሲያነሳ፣ ማንም አንድ እርምጃ ሳይራመድ፣ ከሁሉ በኋላ የሚሄደውን ሰው በስሙ ጠርቶ ለሁሉም ያሳያል። ያ ሰው በቡድኑ ውስጥ ልምድ ካካበቱት አንዱ ነው፤ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳውም ከእሱ ጋር ነው። እሱ «ቁሙ» ሲል ከፊት ያለው መሪም ይቆማል።