ቲኬቱን በኪሎ አካፍሉት

የሠርግ ቀን የቆረጣችሁ፣ ቤት ለማደስ ያሰባችሁ፣ ወይም ዕቁብ ወጥቶላችሁ «አንዴ ዱባይን አይቼ፣ ዕቃዬንም ሸምቼ ልመለስ» የምትሉ የሐረር ልጆች፣ ይህን ምክር የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ሐሳባችሁን አልነቅፍም። ሐረር ከንግድ መንገድ የተፈጠረች ከተማ ናት፤ ልጇ ባሕር ተሻግሮ ቢገበያይ አዲስ ነገር አልመጣም። የምጨነቀው አሁን አሁን መንገዱ ስለሚታቀድበት አኳኋን ነው። ሰው መጀመሪያ ቲኬት ይቆርጣል፣ ቀጥሎ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ምን እንደሚገዛ ደግሞ እዚያው ገበያ መሐል ቆሞ ያስባል። እኔ የምለው ግን የዚህ ዓይነት ጉዞ ትርፍና ኪሳራ የሚለየው ዱባይ፣ ዴራ ገበያ ላይ ሳይሆን ጀጎል ውስጥ ነው፤ ቤት ተቀምጦ፣ እስክሪብቶ ተይዞ፣ ከቲኬቱ በፊት። የአንድ ዕቃ ዋጋ ሱቁ የጠራው ብቻ አይደለም። ዕቃው ሻንጣ ውስጥ በያዘው ቦታ መጠን የመንገዱን ወጪ ድርሻ ይሸከማል፤ ያንን ሳይደምር «ርካሽ አገኘሁ» የሚል ሰው ሒሳቡን ገና አልጨረሰም።

የጥንት ነጋዴዎቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ እስኪደርስ ድረስ የሐረር ዕቃ የሚገባውና የሚወጣው በግመል ነበር፤ ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ፣ በየመንገዱ ቀረጥ እየከፈለ፣ በመጨረሻም በጀጎል በሮች ገብቶ። ግመል የሚሸከመው ልክ አለው። ስለዚህ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይዞ የወረደው ነጋዴ ሲመለስ የሚጭነው ጨርቅ፣ ክር፣ ዶቃ፣ ማለትም ከክብደቱ ይልቅ ዋጋው የሚያይል ነገር ነበር። እዚህ ሊሠራ የሚችለውን ከዘይላ የሚጭን ነጋዴ ብዙ አይቆይም ነበር። የዛሬው ሻንጣም ያው የግመል ጭነት ነው፤ ልዩነቱ የአውሮፕላን ማረፊያው ሚዛን ከግመሉ ይልቅ ጨካኝ መሆኑ ነው።

እስኪ በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል፣ ቲኬቱ፣ ቪዛው፣ መኝታው፣ ምግቡና የከተማው ትራንስፖርት ተደምሮ 700 ዶላር ይፈጅ እንበል፤ እንደ ወቅቱ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። የተፈቀደላችሁ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ከሆነ፣ በጠቅላላው 46 ኪሎ ነው። 700ን ለ46 ስታካፍሉት እያንዳንዱ ኪሎ ከ15 ዶላር በላይ የመንገድ ወጪ ተሸክሞ ይመጣል። አምስት ኪሎ የሚመዝን ብርድ ልብስ እንግዲህ ገና ሳይገዛ 75 ዶላር ዕዳ አለበት። ሐረር ካለው ዋጋ በ15 ዶላር ቢረክስ ምን ዋጋ አለው? በአንጻሩ አንድ ኪሎ የማይሞላ የቀሚስ ጨርቅ በ30 ዶላር ቢረክስ ድርሻውን ከፍሎ ይተርፋል። ሻንጣችሁን በግማሽ ብቻ ከሞላችሁት ደግሞ የኪሎው ድርሻ እጥፍ፣ ወደ 30 ዶላር ይወጣል። በዚህ መልክ ስታዩት ብረት ድስት፣ ምንጣፍ፣ የሕፃን ጋሪና የሳህን ስብስብ ከዝርዝራችሁ በራሳቸው ይወጣሉ።

ብልህ የሆነ ልጅ እዚህ ላይ ይከራከረኛል፦ «ቲኬቱ አንዴ ከተከፈለ በኋላ ሦስት ዶላር የሚያተርፍም ዕቃ ቢሆን ባዶ ከሚሄድ ሻንጣ ይሻላል።» እውነቱን ነው። ለዚህም ነው ሒሳቡ ከቲኬቱ በፊት ይሁን የምለው። ከተከፈለ በኋላማ ሁሉም ነገር ትርፍ ይመስላል፤ ሰው ቦታ ለመሙላት ሲል የማያስፈልገውን የሚገዛውም ያኔ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት የእያንዳንዱን ዕቃ የዋጋ ልዩነት ጻፉና ደምሩ። ድምሩ ከጠቅላላ የመንገድ ወጪው ካልበለጠ ጉዞው የሸመታ ጉዞ አይደለም፤ ሌላ ስም ስጡት።

ልዩነቱን ለማወቅ የአገሩን ዋጋ ማወቅ ግድ ነው፤ ብዙዎቻችሁ የምትዘሉት ይህንን ነው። ከሸዋ በር ገበያና ከጊዲር መገላ ሱቆች ጀምራችሁ እስከ ድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ድረስ ዙሩ። ድሬዳዋ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የዳንገጎን ቁልቁለት ወርዶ መመለስ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በእነዚህ ገበያዎች የምታዩት ዕቃ አብዛኛው ራሱ ከዱባይና ከቻይና የመጣ ነው፤ በጅቡቲ ወደብ ወይም በቶጎጫሌ ድንበር በኩል ገብቶ፣ በኮንቴይነር ተጭኖ። ኮንቴይነር የጫነን ነጋዴ በሁለት ሻንጣ መወዳደር ከባድ ነው። ከቶጎጫሌ በኮንትሮባንድ የሚገባውን አድኑ ማለቴ አይደለም፤ እሱን ተዉት፣ መንገድ ላይ ሲያዝ ዕቃውም ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል። ዋጋውን ስትመዘግቡ ደግሞ በብር ብቻ አትመዝግቡ፣ በዶላርም ቀይሩት። የዱባዩ ድርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.6725 ታስሮ የሚኖር ገንዘብ ነው፤ የእኛ ብር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተለቋል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ አምና ከዱባይ የተመለሰ ጎረቤት «ይህን በዚህን ያህል ብር ገዛሁት» ቢላችሁ ለዕቅድ አይሆናችሁም። እንዲያውም ዕቃውን በድሮው ምንዛሪ ያስገባ የሐረር ነጋዴ ዛሬ እናንተ እዚያ ሄዳችሁ ከምትገዙበት በታች የሚሸጥበት ጊዜ አለ።

ታዲያ ሒሳቡን የሚያልፍ ነገር ምንድን ነው? በእኔ ግምት ለሐረር ሰው ቀዳሚው ጨርቅ ነው። ያለቀለት ልብስ ግን አልልም፤ ጨርቅ ነው የምለው። ዴራ ውስጥ የተሰፋ የሠርግ ቀሚስ ስትገዙ የዱባይን የሱቅ ኪራይና የስፌት ዋጋ ትከፍላላችሁ፤ ልኩም ከሙሽራዋ ጋር ላይስማማ ይችላል፣ ተመልሳችሁ አትቀይሩትም። አትላሱን፣ ሐሩን፣ ጥልፉን ጨርቅ ግን በሜትር አስቆርጣችሁ ብታመጡ፣ እዚህ መኪና ግርግር አለላችሁ። ከፈረስ መገላ ወደ ጊዲር መገላ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ ግራና ቀኝ ተደርድረው የሚሰፉት ባለሙያዎች ሙሽራዋን አቁመው ለክተው፣ አስሞክረው፣ ጠብቦ ከሆነ አስፍተው ይሰጧችኋል። እንግዲህ ከመሄዳችሁ በፊት ልብስ ሰፊውን ጠይቁት፦ ለዚህ ዓይነት ቀሚስ ስንት ሜትር ይበቃል፣ የጨርቁ ወርድ ጠባብ ቢሆን ስንት ይጨመራል፣ ገበሩ ከየት ይሻላል? መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉ። ለመጋረጃም የመስኮቱን ወርድና ቁመት፣ ለጫማም የእግሩን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ያዙ። «በዓይኔ እገምተዋለሁ» የሚል ሰው ወይ ሁለት ሜትር ያስተርፋል ወይ ግማሽ ሜትር ያጎድላል፤ የሁለተኛው ይብሳል።

ወርቅ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ክብደቱ ኢምንት ስለሆነ በኪሎ ሒሳባችን የሚያሸንፍ ይመስላል። ነገር ግን የወርቅ ዋጋ በዓለም ገበያ ይወሰናል፤ በዴራው የወርቅ ገበያም የዕለቱ የግራም ዋጋ በይፋ ተለጥፎ ይታያል። ድርድሩ ያለው በእጅ ዋጋው ላይ ነው። ስለዚህ ሱቅ ገብታችሁ የጠቅላላውን ዋጋ ከመጨቃጨቅ ካራቱን፣ ግራሙንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ አስጽፉ። ያንን እዚህ ካለው አንጥረኛ የእጅ ዋጋ ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ከጠበቃችሁት ያነሰ ሆኖ ብታገኙት አይግረማችሁ። ስለ ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ አጭር ነገር ልበል፦ የዚያ አገር ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ነው፣ ዋስትናውም ብዙውን ጊዜ ድንበር አይሻገርም። የተበላሸ ስልክ ይዞ ዱባይ የሚመለስ የለም።

«እዚያ ያለው ኦሪጅናል ነው፣ የእኛ ገበያ ግን አስመስሎ የተሠራ ይበዛዋል» የሚለውን ክርክር ሁልጊዜ እሰማለሁ። ከፊሉ እውነት ነው። ግን ልከኛ ገንዘብ ይዞ የሚሄደው ሰው የሚገበያየው በትልልቆቹ ሞሎች አይደለም፤ በናይፍ፣ በዴራ ጎዳናዎችና በድራጎን ማርት ነው። ድራጎን ማርት በ2004 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ የቻይና ፋብሪካዎች ዕቃ መሸጫ ነው። ከድሬዳዋ ታይዋን ጋር ምንጩ አንድ የሆነን ዕቃ አገሩን ስለቀየረ ብቻ ኦሪጅናል ልንለው አንችልም። ሌላው ክርክር «እገሊት ትርፍ ዕቃ አምጥታ ሸጣ ቲኬቷን አወጣች» የሚል ነው። ያተረፈችው ትናገራለች፤ ያልቀናት ዝም ትላለች። ጉምሩክ ለግል መገልገያ የሚሆነውንና ለንግድ የሚሆነውን ብዛት ይለያል፤ አንድ ዓይነት ሃያ ሸሚዝ የያዘ ሰው ለራሴ ነው ቢል ማን ያምነዋል? ዕቃው በሰላም ቢገባ እንኳ በሰፈር የሚሸጠው በዱቤ ነው፣ ዱቤው ሲሰበሰብ ደግሞ ብሩ ሌላ ብር ሆኖ ይቆያል።

አሁን ወደ ትልቁ ቀዳዳ ልምጣ፣ ወደ ስጦታ። ሐረር ሰው ብቻውን የሚኖርባት ከተማ አይደለችም። የአፎቻው ማኅበር አለ፣ ጎረቤቱ አለ፣ የአክስት ልጅ አለ፣ ሁሉም «ምን አመጣህልን» ይላል፤ ማለቱም ደግ ነው። ነገር ግን ስጦታ ያልተቆጠረበት ጉዞ ሒሳብ የለውም። ማን ማን እንደሚደርሰው ከመሄዳችሁ በፊት በስም ጻፉ፣ ለሁሉም ቀላል ነገር አስቡ፤ ሻሽ፣ ሽቶ፣ ዑድ። ከዚህ ይልቅ አፎቻውን ለጥቅም ብታውሉት ይሻላል፦ ሦስት ቤት ሠርግ ካለበት ሦስት ሰው ከሚሄድ ጨርቅ የምታውቅ አንዲት ሴት የሁሉንም ልክና ገንዘብ ይዛ ብትሄድ የመንገዱ ወጪ ለሦስት ይካፈላል። ይህ ሲባል ግን የሰው አደራ ሳይፈታ ተቀበሉ ማለት አይደለም። የታሸገ ነገር ከማንም አትውሰዱ፣ ዘመድም ቢሆን። በተለይ እኛ አካባቢ ልማድ ሆኖ የማይፈራው ጫት በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች የተከለከለ ነው፤ «ለወንድሜ ትንሽ እሽግ ናት» ብሎ የያዘ ሰው የሚጠብቀው እስር ቤት ነው። በዚህ ላይ «አቦ፣ ምን ችግር አለው» የሚል ካለ አብራችሁት አትጓዙ።

እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ገንዘብ የሚያፈስሱ ትንንሽ ነገሮች አሉ። ሆቴሉ ከተነገረው ዋጋ በላይ ቱሪዝም ድርሃም የሚባል በየአዳሩ በክፍል ከ7 እስከ 20 ድርሃም ያስከፍላል። ከዴራ ወደ ቡር ዱባይ ለመሻገር ለአብራ ጀልባ 1 ድርሃም ይበቃል፣ ሜትሮም አለ፤ ድራጎን ማርት ግን ከዴራ ሩቅ ነው፣ ሜትሮም እስካሁን አይደርስበትም፣ ስለዚህ ለእሱ አንድ ሙሉ ቀን መድቡ ወይም ፈጽሞ ተዉት። በ2018 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የ5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለጎብኚ ይመለሳል ይባላል፤ ይመለሳል፣ ግን በተመዘገበ ሱቅ ቢያንስ 250 ድርሃም ለገዛ፣ ያውም ከታክሱ 85 በመቶው፣ ከዚያ ላይ በየደረሰኙ 4.80 ድርሃም ተቆርጦ። በ250 ድርሃም ደረሰኝ እጃችሁ የሚገባው አምስት ድርሃም አካባቢ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ በአንድ ደረሰኝ ብዙ መግዛት ከአምስት ሱቅ በትንሽ በትንሹ ከመግዛት የሚሻለው ለዚህም ነው። «ላሳይህ» ብሎ የሚመራችሁ ደላላ ድርሻው ብዙ ጊዜ ከሱቁ ዋጋ ላይ የሚነሳ መሆኑን አትርሱ።

አንድ ክርክር ቀርቶኛል፣ የሚከብደኝም እሱ ነው። «ሕይወት በኪሎ አይለካም፤ ዓለምን ማየትም ዋጋ አለው» ትሉኛላችሁ። አለው እንጂ። ቡርጅ ኻሊፋን ቀና ብሎ ማየት፣ ባሕሩን በአብራ መሻገር፣ ሌላ ሕዝብ እንዴት እንደሚኖር መታዘብ ከገንዘብ በላይ የሆነ ነገር ነው። እኔ የምቃወመው ያንን ደስታ በብርድ ልብስ ስም መሸፈንን ነው። ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ለማየት ብላችሁ ገንዘብ መድቡ፣ በዝርዝሩም ላይ «ለማየት» ብላችሁ ጻፉት፣ ለባለቤታችሁም እንዲሁ ንገሩ። ያኔ ሻንጣው ግማሽ ባዶ ሆኖ ቢመለስ ማንም አይከፋም።

የምትሄዱበትን ጊዜ ስትመርጡ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ሙቀት ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍና ከሱቅ ሱቅ መዞር እንደሚያደክም አስቡ፤ በረመዳን ደግሞ የሱቆች ሰዓት ይለዋወጣል። ቪዛው ሳይወጣ ቲኬት አትቁረጡ። ስትቆርጡ ከድሬዳዋ እስከ ዱባይ በአንድ ቲኬት ይሁን፤ የአገር ውስጡን ለብቻ ከቆረጣችሁ የሚፈቀደው ኪሎ ያነሰ ስለሚሆን አዲስ አበባ ላይ ለተረፈው ኪሎ ሁሉ ትከፍላላችሁ። ሠርጉ በጥር ከሆነ ጨርቁ በኅዳር መጀመሪያ ሐረር ይድረስ፤ የመኪና ግርግር ሰፊዎች በሠርግ ወራት ወረፋ አላቸው።