የአሞሌው ጉድለት የማን ነው?

ከአፋር በረሃ እየተቈረጠ በግመልና በበቅሎ የሚጓዘው አሞሌ ጨው፣ በ1890 ዓ.ም. የከፋ መንግሥት እስኪወድቅና ከዚያም በኋላ፣ በዚያ አገር እንደ ገንዘብ ይቈጠር ነበር። መንገዱ በረዘመ ቍጥር ዋጋው ይጨምራል፤ የደኑ እርጥበት ግን ያሟሟዋል። እንግዲህ በዚያ ዘመን በሺሺንዳ አካባቢ የሚነግድ አንድ ተራ ሰው ይታሰብ። ከገበሬው ቡና፣ ማርና ኮረሪማ ገዝቶ በአሞሌ ይከፍላል። በሙሉ ዋጋ የተቀበለው አሞሌ በክረምት ከቤቱ ሳለ ቢጐድልበት፣ ልጥ እንደ ተጠመጠመበት ለባለ ማሩ በሙሉ ዋጋ መስጠቱ ኃጢአት ነውን?

ነጋዴው፣ «ዝናቡን እኔ አላመጣሁትም፤ እኔም ልጆች አሉኝ» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አሞሌው በመጕደሉ አይወቀስም። ነገር ግን ጉድለቱን እያወቀ ዝም ብሎ ቢያሳልፈው፣ የዝናቡን ጥፋት የራሱ ሥራ ያደርገዋል። ይልቁንም «ይህ ጐድሏል፤ አይተህ ተቀበል» ቢል፣ ኪሳራውን ተካፍለው በሰላም ይለያያሉ፤ በሚቀጥለውም ገበያ ያ ገበሬ ማሩን ይዞ ወደ እርሱ ይመለሳል።

አሞሌ ከገንዘብነት ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሆኖም ሰጪ የሚያውቀው ከተቀባይ በሚሰወርበት ግብይት ሁሉ ያው ጥያቄ ይነሣል፤ እግዚአብሔርም ከሚዛኑ ጋራ የባለ ሚዛኑን ዝምታ ይመለከታል።