ስፍራ ስለ መስጠት
በመስታወት ቤት ከሚኖሩ ዓሦች የተወሰደ ስብከት

ነቢዩ ዕንባቆም የኃጢአተኛውን ብርታትና የጻድቁን መዋጥ ተመልክቶ በእግዚአብሔር ፊት በተሟገተ ጊዜ፥ ሰዎች ገዥ እንደሌላቸው የባሕር ዓሦች መሆናቸውን በምሬት ተናግሯል። ነቢዩ ያሰበው ባሕር ትልቁ ትንሹን ቢውጥ ከልካይ የሌለበት ሰፊ ባሕር ነው። እኛ ግን በየሳሎኑና በየሆቴሉ መግቢያ ገዥ ያላቸውን ዓሦች እናያለን፤ አኳሪየም በሚባለው የመስታወት ቤት የሚኖሩት ዓሦች የመረጣቸው፥ በገንዘቡ የገዛቸው፥ ውሃቸውን የሚለውጥላቸውና ቀለባቸውን በየሰዓቱ የሚሰፍርላቸው መጋቢ አላቸው። እንግዲህ መጋቢ ባለበት ስፍራ ሰላም ሊሰፍን በተገባ ነበር። ነገር ግን ምእመናን ሆይ፥ በወንዝ ሳሉ ተገፋፍተው ይለያዩ የነበሩት ፍጥረታት በመስታወቱ ውስጥ እስከ ሞት ሲነካከሱ ይገኛሉ፤ ዛሬ ልናገርበት የወደድሁትም ይኸው ነገር ነው።

በሲያም አገር፥ ዛሬ ታይላንድ በምንላት፥ በሩዝ እርሻ ረግረግና ዝግ ባለ ውሃ የሚኖር ቤታ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ፤ ዛሬ ሊቃውንት የሚጠሩበትን የሳይንስ ስም እ.ኤ.አ. በ1910 የሰጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቴት ሬገን ነው። ወንዱ ቤታ ሌላ ወንድ ባየ ጊዜ ክንፎቹን ዘርግቶ፥ የስንጥቡን ክዳን ገልጦ፥ ቀለሙን አድምቆ ይቆማል፤ መስታወት ቢያሳዩት እንኳ የገዛ መልኩን ጠላት ነው ብሎ ይገጥመዋል። የአገሩም ሰዎች ይህን ጠባዩን ዐውቀው በውርርድ ሲያዋጉት ብዙ ዘመን ስለ ኖሩ፥ ስሙን የሰማ ሁሉ ክፉ ፍጥረት ነው ይለዋል። እኔ ግን ክፉ ልለው አልደፍርም። ይኸው ዓሣ ከአፉ በሚያወጣው አረፋ በውሃው ገጽ ላይ ጎጆ ሠርቶ፥ እንስቲቱ የጣለችውን ዕንቁላል በአፉ እየለቀመ በአረፋው ውስጥ ያኖራል፤ ወደ ታች የወደቀውንም እየጠለቀ አንሥቶ ወደ ስፍራው ይመልሳል፤ ጫጩቶቹም እስኪዋኙ ድረስ ከጎጆው ሥር አይርቅም። በሰፊው ረግረግ ሁለት ወንዶች ቢጋጠሙ ደካማው ክንፉን አጥፎ በሣሩ መካከል ይሠወራል፥ ብርቱውም ስፍራውን ካስከበረ ዘንድ ጠቡ በዚያው ያበቃል። በመስታወቱ ቤት ግን የተሸነፈው ሸሽቶ ሸሽቶ ከግድግዳው ጋር ይገናኛል፤ ካሸናፊው ፊት ሊጠፋ የማይችል ስለ ሆነም፥ አሸናፊው እንደ ገና የተፈታተነው መስሎት ደጋግሞ ይመለስበታል። ቁጣውን የሰጠ ፈጣሪ መሸሻውንም አብሮ ሰጥቶ ነበር፤ ቁጣውን ትቶ መሸሻውን ብቻ የነሣ ሰው ነው።

የማይስማሙ ዓሦችን በአንድ ቤት የሚያኖር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የለበትም፤ የጎደለው ዕውቀት ነው። በገበያ ሲያያቸው ሁሉም ትንንሽና ያማሩ ናቸውና። ኦስካር የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ሲሸጥ የጣት ርዝመት ያህል እንኳ ላይሆን ይችላል፤ ካደገ በኋላ ግን ወደ 30 ሳንቲሜትር ይደርሳል፥ በአፉ የሚገባለትንም የቤት ባልንጀራ ሁሉ ይውጠዋል። ከአማዞን ወንዝ የመጣው ኤንጅልፊሽ በረጃጅም ክንፎቹ ቀስ ብሎ ሲንሳፈፍ ዐይንን ደስ ያሰኛል፤ ባለ ጥቁር ሽንትሩ ታይገር ባርብ ደግሞ በፍጥነቱ ደስ ያሰኛል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያኖራቸው ሰው ግን ውሎ ሲያድር የኤንጅልፊሹን ክንፍ ተቦጫጭቆ ያገኘዋል። ታይገር ባርብ በተፈጥሮው ማኅበረኛ ነው፤ ከወገኖቹ ጋር በመንጋ ሲኖር መሳደዱና የበላይነት ክርክሩ በመካከላቸው ይወሰናል፤ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሆኖ ሲቀር ግን ያንኑ ነገር በሌላው ላይ ያወጣዋል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ከ6 ባላነሰ፥ ቢቻል በ8 ወይም በ10 እንዲኖር ይመክራሉ። እንግዲህ ለወንዱ ቤታ ሰላሙ ለብቻ መኖር ሲሆን፥ ለታይገር ባርብ ሰላሙ የወገን ብዛት ነው፤ ሁለቱን በአንድ ደንብ ላስተዳድር የሚል መጋቢ ሁለቱንም ይበድላል።

በአገራችን በዝዋይ፥ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች የምናውቀው ቆሮሶ ሲክሊድ ከሚባለው ታላቅ ወገን ነው። ወንዱ በሐይቁ ዳር ጥልቀት በሌለው ውሃ አሸዋውን ቆፍሮ ስፍራ ያበጃል፥ የገባበትንም ያባርራል፤ እንስቲቱ ግን ዕንቁላልዋን በአፍዋ ይዛ ከጠቡ ስፍራ ትርቃለች፥ ሐይቁ ሰፊ ነውና የምትሄድበት አታጣም። የቆሮሶ ዘመድ የሆነውን፥ በማላዊ ሐይቅ ዐለቶች መካከል የሚኖረውን ምቡናን በቤቱ የሚያኖር ሰው ግን ይህን ስፋት በጥበብ ሊተካ ይደክማል። ዋሻና መተላለፊያ እንዲበዛ፥ አንዱም ሌላውን ዘወትር እንዳያየው ድንጋዩን ወደ ላይ ይክባል። አዲስ ዓሣ ሊያስገባ ባሰበ ጊዜ ደግሞ አስቀድሞ ድንጋዮቹን አፍርሶ በሌላ አኳኋን ይደረድራቸዋል፤ ነባሩ ርስቴ የሚለው ምልክት ጠፍቶበት ሁሉም በአንድ ቀን እንግዳ ይሆናልና። መብራቱንም አጥፍቶ በጨለማ ያስገባዋል። ይህን ብልሃት ባሰብሁ ቁጥር በየቤታችን የምትገባው ምራት ትታየኛለች፤ በርጩማው ሁሉ ባለቤት ባለው፥ የማሰሮው ቦታ እንኳ ከእርስዋ በፊት በተወሰነ ቤት ውስጥ ገብታ፥ አንድ ድንጋይ ሳይነሣላት በትሕትና ተስማሚ ስትባል!

መጋቢ የሆነ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ምልክት አለ። የሚሳደደው ዓሣ ብዙ ጊዜ ቁስሉ ሳይታይ በፊት ጠባዩ ይለወጣል፤ ከማዕዘን ወይም ከውሃ ማሞቂያው በስተ ጀርባ ተጠግቶ ይቆማል፥ ቀለሙ ይደበዝዛል፥ ሌሎቹ ወደ ቀለብ ሲሮጡ እርሱ ይቀራል። ሞቱም ሁልጊዜ ከንክሻው አይደለም፤ ፍርሃት ያደከመው አካል በሽታን መቋቋም ስለማይችል፥ በተቀደደው ክንፍ ላይ ነጭ ሻጋታ ወጥቶ ይሞታል፤ ጌታውም በሽታ ገደለው ይላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ቃል ተናግሮ ነበር፤ «ይለምዳሉ» ብሎ ነበር። ወገኖቼ ሆይ፥ ከዚህ ቃል የበለጠ ብዙ ነፍስ ያጠፋ የስንፍና ቃል ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ። የተጨነቀች ሚስት ወደ ወላጆችዋ በሮጠች ጊዜ ትለምዳለች ተብላ ትመለሳለች፤ በአንድ ግቢ ተከማችተው በውሃ ልክና በደጃፍ ጥላ የሚጣሉ ወንድማማቾች ይለምዳሉ ይባላሉ፤ ሽማግሌዎችም መጥተው ጉልበት አስመው ያስታርቁና፥ ጠቡን የወለደውን ድንበር ሳይነኩ መርቀው ይሄዳሉ። ዕርቁ ቅዱስ ነው፤ ሽምግልናም የአባቶች ሀብት ነው። ሆኖም ስፍራ ያልጨመረ ዕርቅ የተሳዳጁን አንደበት ከመዝጋት በቀር ምን ያደርጋል?

አባታችን አብርሃም፥ ገና አብራም በሚባልበት ጊዜ፥ ያደረገውን እናስብ። የእርሱ እረኞችና የሎጥ እረኞች ተጣሉ፤ መጽሐፍም ምክንያቱን ሲነግረን የአንዱን ክፋት አላነሣም፤ ከብታቸው ስለ በዛ ምድሪቱ በአንድነት ልትበቃቸው አልቻለችም ይላል እንጂ። አብርሃም አጎት ነበር፥ ታላቅም ነበር፥ ተስፋውም የተሰጠው ለእርሱ ነበር፤ ታናሹን ዝም በል ሊለው ይችል ነበር። እርሱ ግን ጠቡ ወደ ሁለቱ ጌቶች ሳይደርስ፥ በእረኞቹ ላይ ሳለ አየው፤ መለያየትንም ራሱ አሳሰበ፤ ምርጫውንም ለታናሹ ሰጥቶ የተረፈውን ለራሱ ወሰደ። ለምለሙ የዮርዳኖስ ሜዳ ለሎጥ ሆነ። በዚህ ሥራ የማደንቀው መለያየቱን ብቻ አይደለም፤ ከስፍራው መጥበብ የተነሣ የሚመጣውን ጉዳት ኃይል ያለው ወገን በራሱ ላይ መቀበሉን ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣውን ስንፈልግ ደካማውን እንመርጣለን፤ ተሳዳጁን ዓሣ አውጥተን አሳዳጁን በሰፊው ቤት እናነግሠዋለን፥ እርሱም በማግሥቱ ሌላ የሚያሳድደው ያገኛል።

ወንድሞች በኅብረት ቢቀመጡ መልካም እንደ ሆነ መዝሙረኛው አስተምሮ የለምን፥ አንተ ስለ ምን መለያየትን ትሰብካለህ የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአንድ ላይ መቀመጥ ሁሉ ኅብረት ነውን ብዬም እመልሳለሁ። የኦስትሪያው ሊቅ ኮንራድ ሎሬንዝ፥ ስለ እንስሳት ጠባይ በመመራመሩ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው፥ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው መጽሐፍ የጻፈው አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ጥንድ ጥንድ ሲክሊዶችን በመስታወት ግድግዳ ለይቶ ጎን ለጎን ቢያኖራቸው፥ እያንዳንዱ ባል በግድግዳው ማዶ የሚያየውን ጎረቤት ሲዝትበት ይውላል፥ ከሚስቱም ጋር በሰላም ይኖራል። መስታወቱ አረንጓዴ ዝቃጭ ለብሶ ጎረቤቱ በተሸፈነበት ጊዜ ግን ቁጣውን ወደ ገዛ ሚስቱ መለሰ፤ መስታወቱ ሲጸዳም ሰላሙ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ሰላም አያስፈራምን? የጎረቤት ጥላቻ ብቻ ያፋቀራቸው ባልና ሚስት፥ የሌላውን ማኅበር ማማት ብቻ ያገናኛቸው ማኅበርተኞች፥ በሩቅ ጠላት ስም የሚሰበሰብ ጉባኤ፥ ይህ ሁሉ መስታወቱ እስኪደበዝዝ ድረስ የሚቆይ አንድነት ነው። አብርሃምን ከሎጥ የለየው መራራቅ ከዚህ ኅብረት ይሻላል፤ ሎጥ በተማረከ ጊዜ አብርሃም በቤቱ የተወለዱ 318 ሰዎችን አስከትሎ እስከ ዳን ድረስ ገሥግሦ አድኖታልና። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በኒቅያ የተሰበሰቡትን 318 አባቶች ስታከብር ይህንን ቍጥር ታስባለች፤ የቍጥሩ መነሻ ግን ተለይቶ የሄደውን ዘመድ ለማዳን የወጣ የቤተሰብ ጦር ነው። ጳውሎስና በርናባስም በማርቆስ ምክንያት ተከራክረው አንዱ ወደ ቆጵሮስ፥ ሌላው ወደ ሶርያና ኪልቅያ ሄዱ፤ ዘመን ካለፈ በኋላ ያው ጳውሎስ ማርቆስ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ይምጣልኝ ብሎ ጻፈ። በጠበበ ስፍራ ተፋጠው ቢቀሩ ይህ መልእክት ይጻፍ ነበርን?

የተለየ ገንዳ የሌለው መጋቢ፥ ሁለተኛ ቤት የሌለው ድኻ አባወራ ምን ያድርግ? የከተማ ኑሮ እጅግ ጠቧልና ይህን ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ዓሣ አኗሪው በአንዱ ገንዳ መካከል ውሃ የሚያሳልፍ መለያ ያቆማል፤ ይህም ካልተቻለው ድንጋዩንና ሣሩን ጨምሮ ዐይን ለዐይን መተያየትን ያቋርጣል፤ ቀለቡንም በሁለት ማዕዘን ይበትናል፥ ብርቱው በአንደኛው ሲበላ ተሳዳጁ በሌላው እንዲደርሰው። አባወራውም እንዲሁ በአንዲት ክፍል ውስጥ መጋረጃ ሊጋርድ፥ ለምራቱ ከአማትዋ ምድጃ የተለየ ምድጃ ሊተክልላት፥ የሣጥንዋን ቁልፍ በእጅዋ ሊሰጣት፥ ለታናሽ ወንድሙ ማንም የማይጠይቀው አንድ ጥግ ሊወስንለት ይችላል። ለዚህ ሌላ ቤት መሥራት፥ የከተማው ቦታ እስኪመራ መጠበቅም አያስፈልግም፤ ዛሬ ማታ ከእራት በፊት የሚፈጸም ሥራ ነው።